መንኮራኩሩ እስኪቆም፦ የአቶ ኢቴል ፕሮሰር የሕይወት ታሪክ

አቶ ኢቴል ፕሮሰር ከአባታቸው ከአቶ ግዊሊም ፕሮሰርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄስተር ቦወን በደቡብ ዌልስ፣ በኩም ሄስግ መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1911 ተወለዱ። በትምህርት ገበታ የቆዩት እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ መምህራቸው «ይህን ልጅ ወንበር ይፈጀዋል» ይሉ ነበር። ከዚያም አባታቸውን ተከትለው ከሰል ጉድጓድ ወረዱ። በ1938 ወይዘሮ ኤሉነድ ሪስን አገቡ።

በአገራችን ልማድ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሲሞት ሁሉም ሥራውን ትቶ ይወጣል፤ ሟቹ እስኪቀበርም አይመለስም፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሰው የሚያወርደውና የሚያወጣው ትልቅ መንኮራኩርም ይቆማል። በጦርነቱ ጊዜ ግን ከሰሉ ለጦሩ ይፈለግ ስለነበር ከሥራ መቅረት ያስከስስ ጀመር። በኅዳር 1942 የሥራ ባልደረባቸው ሞስቲን ጣሪያ ተንዶበት ሲሞት፣ አቶ ኢቴልና ሌሎች ሠላሳ ሰዎች እንደ ልማዱ ወጡ። ሁሉም ፍርድ ቤት ቀረቡ።

ዳኛው «እናንተ ቤት መዋላችሁ ለሞተ ሰው ምን ይረባዋል?» ብለው ጠየቋቸው።

«ለእሱስ ምንም። ሚስቱ ግን ሬሳውን ሳሎን አስተኝታ፣ ሰው የሚያወርደው መንኮራኩር ሲዞር ትስማ እንዴ?» አሉ አቶ ኢቴል።

ሠላሳዎቹ መቀጫቸውን ከፈሉ። አቶ ኢቴል አሻፈረኝ ብለው አሥራ አራት ቀን ታሰሩ። አንድ ሰው ደጃቸው ላይ «ከሃዲ» ብሎ ጻፈ፤ ወይዘሮ ኤሉነድ የደረሰ ሆዳቸውን ይዘው ሲፍቁት ዋሉ። የበኩር ልጃቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ግላዲስ፣ የተወለደችውም በዚያው ሳምንት ነው።

ተፈተው ሲመጡ ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው «ልጅህ ቀድማህ ቤት ገባች። ለሞስቲንስ ደረስክለት፤ ለእኔስ?» አሏቸው። አቶ ኢቴል ከጉድጓዱ በመውጣታቸው አንድም ቀን አልተጸጸቱም፤ በምጡ ጊዜ ከባለቤታቸው አጠገብ አለመገኘታቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ከነከናቸው። ከዚያ ወዲያ ምግብ እንኳ ተቀምጠው አልጨረሱም፤ መንኮራኩሩ መዞር መቆሙን ለማየት ወደ መስኮቱ ብድግ ይሉ ነበር።

በ1974 ጡረታ ወጡ። ወይዘሮ ኤሉነድ በ1979 ዐረፉ። ማዕድኑም በ1986 ተዘግቶ መንኮራኩሩ ተነቀለ።

የከሰል ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ «ይዞራል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ግላዲስ «ከተነቀለ ቆየ» ስትላቸው ይቆጧት ነበር፤ ጫማቸውንም ይፈልጉ ነበር። የካቲት 11 ቀን 1988 ረፋድ ላይ ግን «ቆሟል አባዬ፤ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ገብቷል» አለቻቸው።

«እንግዲያ ኤሉነድ ጋ ልሂድ። ዘገየሁባት» አሉና ዐይናቸውን ከደኑ።

አቶ ኢቴል የሦስት ልጆች አባትና የሰባት ልጆች አያት ነበሩ። መቀመጥ ያልሆነላቸውን አባታችንን እግዚአብሔር በባለቤታቸው አጠገብ ያሳርፍልን። ዛሬ ከሥራ ቀርታችሁ የቀበራችሁልን ሁሉ፣ ብድራችሁን እሱ ይመልስ፤ ከሳሽም አያግኛችሁ።