ለልጆች ድስት ደጅ የጠኑት የመምህርት ጥሩሸዋ ገሠሠ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ጥሩሸዋ ገሠሠ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ ወልደጻድቅ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርነሽ ማዕረግ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. በግሼ፣ ከራቤል ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ዓመቱ ውርጭ ገብሱን የመታበት ነበርና እናታቸው "ይቺ ልጅ ረሃብ ይዛብኝ መጣች" ይሉ ነበር አሉ። እሳቸው ደግሞ ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ይህ ሲነሣ "እኔ ይዤው አልመጣሁም፤ እሱ ነው ተከትሎኝ የመጣው" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አቶ ገሠሠ "ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል" ከሚሉት ወገን አልነበሩም። ልጃቸው የመጀመሪያውን ትምህርት እዚያው አካባቢ፣ ቀሪውን ደብረ ብርሃን ከአክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ተማሩ። በ1968 ዓ.ም. በመምህርነት ተመርቀው ወደ ግሼ ተመለሱና በገጠር ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ስም ሲጠሩ "አቤት" የሚላቸው ተማሪ ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄደ። የዚያን ዓመት ነገር በአፋቸው አንስተውት አያውቁም፤ ሌላ ሰው ካነሣውም ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት ይወጡ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው ከአቶ ወንዳፈራሁ ትዕዛዙ ጋር በቁርባን ተጋብተው ምንይሉንና ጽናትን ወለዱ። በ1980 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደዚህች ከተማችን መጣ። አቶ ወንዳፈራሁ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ፤ "ለአንድ ቤት አንድ ተናጋሪ ይበቃል" ብለው ሚስታቸውን በዓይናቸው ያሳዩ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ መምህርት ጥሩሸዋ ከሐዘን ቤት ተነሥተው በቀጥታ ወደሚያስተምሩበት ክፍል ገቡ። ከእሳቸው እጅ ፊደል ያልቆጠረ የከተማችን ልጅ ጥቂት ነው። ተማሪው ሁሉ "ቲቸር" ይላቸው ነበር፤ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አዛውንት ሳይቀሩ "ቲቸር" ነው የሚሏቸው።

በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ ተባለ እንጂ አልወጡም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቆሻሻ የሚጣልበትን መሬት ለምነው አገኙ። የበግ ፍግ ከየቤቱ አሰባሰቡ፤ ውርጩ እንዳይፈጀው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጭድ እያለበሱ ጎመን፣ ካሮትና ድንች አበቀሉ፤ በዚሁም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ድስት ጥደው የተማሪዎች ምገባ ጀመሩ። እውነቱ ይነገርና ማዘጋጃ ቤቱም ያን ጊዜ ደግ ሥራ ሠራ። የምግብ አብሳዮቹን ደመወዝና የውሃውን ክፍያ ቻለ፤ ገብሱንና ባቄላውንም ከሩቅ ነጋዴ ሳይሆን ከዙሪያችን ገበሬ ገዛ። ገበሬው ገበያ አገኘ፤ ጦሙን መጥቶ ዴስክ ላይ የሚተኛ ልጅም ጠፋ። እነዚያ ዓመታት ቲቸር በሕይወታቸው በጣም የተደሰቱባቸው ነበሩ።

በ2014 ዓ.ም. በጀቱ መጀመሪያ ዘገየ፤ ቀጥሎ "ለዘንድሮ የለም፣ ታገሡ" ተባለ። ቲቸር ድስቱ ከምድጃ ሲወርድ ማየት አልሆነላቸውም። ለማኅበራቸውና ለእድሩ ነገሩ። ሰውም አላሳፈራቸውም፤ ያለው በቁና፣ የሌለው በእፍኝ አመጣ። አብሳዮቹ ያለ ደመወዝ ሠሩ። ልጆቹ እስከ ሰኔ አንድም ቀን ጦማቸውን አልዋሉም። እኛ አገር እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ጎደለ ማለት ነውር ይመስለናል፤ የጎደለውን በጓዳ በር ሞልተን በፊት ለፊት ሙሉ ነው እንላለን።

በዚያው ክረምት ለምክር ቤቱ ሪፖርት ቀረበ። "ፕሮግራሙ በሕዝብ ተሳትፎ ራሱን ችሏል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው" ተባለ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ቲቸር ተጠርተው ጋቢ ተሸለሙ። በዚያው ስብሰባ የምገባው በጀት ተሰረዘ። ነገሩ የገባቸው ጋቢውን ለብሰው ቤት ከደረሱ በኋላ ነው። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው "ጽናቴ፣ በገዛ እጄ ዘጋሁት እኮ!" አሉ። ጋቢውን ከዚያ ወዲያ አልለበሱትም።

ዓመት ዞሮ ሲመጣ መዋጮው ቀነሰ። ሕዝቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማዳበሪያው ተወደደ፣ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ከረመ፣ የእያንዳንዱም ጓዳ ሳሳ። "ቲቸር መጡ" ሲባል ወደ ጓሮ ዘወር የሚል ሰው መጣ። እሳቸውም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ድስቱ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚጣድ ሆነ፤ በማይጣድበት ቀን ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ልጆች እነማን እንደሆኑ ቲቸር ሳይጠይቁ ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የሕይወት ታሪካቸው፣ ባጭሩ፣ የማዘጋጃ ቤት ደጅ ነው። ኃላፊ ይቀየራል፤ አዲሱ "ጉዳዩ ለእኔ አዲስ ነው፣ እስቲ ከመጀመሪያው ያስረዱኝ" ይላል፤ ያስረዳሉ። ገባው ሲባል ይዛወራል። "ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ" ሲባሉ "እሺ የኔ ልጅ" ብለው ይመለሱ ነበር፤ ከኃላፊዎቹም አንዳንዶቹ እውነትም ልጆቻቸው፣ ያስተማሯቸው ነበሩ። ቁጣ አያውቁም ነበር ማለት ግን አይደለም። አንድ ጊዜ አንዱን "አንተ! በሁለተኛ ክፍል ርቦህ ስታለቅስ ከምሳዬ ያካፈልኩህን ረሳኸው?" ብለው በሰው ፊት አሳጥተውታል። በነጋታው ሄደው ይቅርታ ጠየቁት፤ በጀቱ ግን አልተፈቀደም።

በ2016 ዓ.ም. በጀቱ ተመለሰ፤ "ለዘንድሮ ብቻ" ተብሎ። ግንቦት ሲጠባ እንደገና ከ"ሀ" ተጀመረ። "እንዴ! ይሄ ነገር እንደ ገብስ በየዓመቱ ይዘራል እንዴ?" ያሉት ያን ጊዜ ነው። እየሳቁ አልነበረም። ደክሟቸው ነበር። ይህን ልንደብቅ አንፈልግም፤ "ብርቱ ነበሩ፣ ብርቱ ነበሩ" እያልን ብቻ ብንቀብራቸው ውሸት ይሆንብናል። ከማዘጋጃ ቤት ሲመለሱ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ግድግዳ ተደግፈው የሚያንቀላፉባቸው ቀኖች ብዙ ነበሩ።

የልብ ሕመማቸው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠናባቸው። ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባም ታክመዋል። ዘንድሮ ግንቦት መነሣት አቃታቸው። የምገባው ነገር ከመጪው ዓመት የበጀት ዕቅድ ውስጥ አለመግባቱን የሰሙትም አልጋ ላይ ሆነው ነው። የማኅበር እኅታቸው ወ/ሮ አመተሥላሴ ሊያጽናኗቸው "አይዞሽ፣ አታስቢ፣ እኛ ማኅበርተኞቹ እናዋጣለን" ቢሏቸው፣ ውሃ እንኳ በሰው እጅ ይጠጡ የነበሩት ሴት በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ። "አመቴ፣ በማርያም ይሁንብሽ! አንዴ አዋጥተን አሳየናቸው፤ ይበቃናል። የራበው ልጅ ደጃችሁ ከመጣ አብሉት። የትምህርት ቤቱን ድስት ግን ማዘጋጃ ቤቱ ይጣደው። ግብር የምንከፍለው ለምን ሆነና!" አሉ። ከዚህ በኋላ ብዙም አልተናገሩም።

መምህርት ጥሩሸዋ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው፣ እሑድ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሁለት ልጆችና የልጅ ልጆች፣ በየአገሩ የተበተኑ ተማሪዎች፣ ዛሬም የሚታረስ ጓሮ ትተው ሄደዋል።

ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣችሁ ወንድሞች፣ ስለ አበባ ጉንጉኑ እግዜር ይስጥልን። የአትክልት ቦታውን በስማቸው ለመሰየም ማሰባችሁንም ነግራችሁናል። ስም አላቸው። ያጡት በጀት ነው።

ምክር ቤቱ የከተማውን በጀት የሚያጸድቀው ነገ ማክሰኞ ነው፤ ሣልስታቸውም ነገ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ከእድሩ ጋር መክሮ እንዲህ ወስኗል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ከደረሰ በኋላ ለልቅሶ የምንቀመጠው ቤታችን ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ነው። እድሩ ድንኳኑን እዚያ ይተክላል፤ ንፍሮውም እዚያ ይቀርባል። ለጩኸት አንመጣም። ልቅሶ እንደሚቀመጥ ሰው ዝም ብለን እንቀመጣለን፤ ስለ ልጆቹ ምግብ የተወሰነውን በጆሯችን ሰምተን እንነሣለን። ሊያጽናናን የሚፈልግ ሁሉ እዚያ ይድረሰን።

እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእኛም ነገ እስኪመሽ የምንቀመጥበትን ጉልበት ይስጠን። አሜን።