ኮሪደርዎ ላይ ስለተሰቀለው ሰሌዳ

መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ በዛብህ
የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደኅንነት እየጠየቅኩ፣ ጤንነትዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ዓመታዊ ሪፖርት መቶ በመቶ የተሟላ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ሰሞኑን ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ጉም ከተማውን በሙሉ ጉንፋን አሲዞታል፤ የእርስዎ ቢሮ መስኮቶች ግን ሁሉም መስታወት እንዳላቸው ትናንት በዓይኔ ስላየሁ በዚህ በኩል ብዙም አልሰጋም። የእኛ ክፍል መስኮቶች በካርቶን ተሸፍነው ቢሆንም ለእኛም አይዘኑ፤ ለምደነዋል።

ስሜ መቅደላዊት ወንደሰን ይባላል። ባለፈው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከትምህርት ቤታችን ከተፈተኑት ስልሳ ሁለት ተማሪዎች አንዷ ነኝ። ከስልሳ ሁለታችን የፈተናውን ግማሽ ነጥብ ያገኘ አንድም ሰው የለም። የእኔ ውጤት ከስድስት መቶ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው የደብዳቤው ግልባጭ በሚለጠፍበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሰው ሁሉ እንደሚያነበው እያወቅኩ ነው።

ቅዳሜ ዕለት በትምህርት ቤታችን ግቢ በጠሩት ስብሰባ ላይ ልናገር አስቤ ነበር። እጄን እስከ ጆሮዬ ድረስ አነሳሁት፤ እርስዎ ወደ እኔ ሲያዩ ግን ሻርፔን የማስተካክል መስዬ መልሼ አወረድኩት። እንዲህ ነኝ። ደግነቱ የጓደኛዬ የሩዋይዳ አባት ኦቦ ሁሴኖ አያፍሩም። ብድግ ብለው፣ «ኮምባይነሩ ሳይመጣ ቀርቶ ስንዴውን ዝናብ ቢመታው፣ ስንዴውን ሰነፍ ትሉታላችሁ እንዴ?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎም ሳይቆጡ፣ «አስተያየት ያለው በጽሑፍ ያቅርብ» አሉ። በጽሑፍ መሆኑን ስሰማ ልቤ አረፈ። በጽሑፍ ከሆነ እኔም እችላለሁ። ስለዚህ ዕድል ምስጋናዬን ከወዲሁ ይቀበሉኝ።

የምጽፍበትንም ምክንያት ላስቀድም። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ከትምህርት ቤታችን እንዲዘጋ ሐሙስ ዕለት እንደሚወሰን፣ መማር የፈለገም አሰላ ሄዶ መማር እንደሚችል ነግረውናል። ታናሽ እህቴ መክሊት አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ የአሥራ አንደኛን ምዝገባ እየጠበቀች ነው። አባቴ ደግሞ ከስብሰባው ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «አሰላ ቤት ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የለችኝም» ብሎ ጨርሷል። አባቴ አንዴ ከጨረሰ ጨርሷል። እርስዎ ሐሙስ ሁለት ክፍል ሲዘጉ በእኛ ቤት የሚዘጋው የመክሊት ትምህርት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን እስከ ሐሙስ ጠዋት ድረስ ታግሠው እንዲያነቡልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ የውድቀታችንን ምክንያት ስላገኙልን አመሰግናለሁ። ውጤቱ ከተነገረ ጀምሮ አገሩ ሁሉ እየተከራከረ ነው። እታገኘሁ ሻይ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ፊት ሰው ጎራ ለይቶ ይጯጯሃል። አንዱ «ድሮ በኩረጃ ነበር የሚታለፈው፣ አሁን እውነቱ ወጣ» ይላል፤ ሌላው «ያላስተማሩትን መፈተን ግፍ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ሥርዓተ ትምህርቱ የተቀየረው መጽሐፉ ሳይታተም ነው ብሎ ይምላል። ሁሉም በመቶኛ ነው የሚናገሩት። እኔ ከመቶኛዎቹ በአንዱ ውስጥ ያለሁ ስለሆነ ዳቦዬን ገዝቼ ቀስ ብዬ እወጣለሁ። እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ክርክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጉት፦ «ችግሩ ተማሪው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል።» ክቡርነትዎ፣ በክፍላችን ስልክ የነበራቸው አሥራ አንድ ልጆች ናቸው። የቀረነው ሃምሳ አንዳችን በማን ስልክ ላይ ተጥደን እንደወደቅን ጽሕፈት ቤትዎ ቢያጣራልን ደስ ይለናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፊዚክስ መምህራችን። መምህር ወልደአማኑኤል አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን በኅዳር ወር ወደ ቤተሰባቸው አገር ተዛውረው ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ሁለት ልጆቻቸውን ለሦስት ዓመት በስልክ ነበር የሚያሳድጉት። ሲሄዱ የሁለቱንም ክፍል ትምህርት የያዘ አንድ ወፍራም ደብተር ትተውልን ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህርታችን ወይዘሮ ተሻለች ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝና፣ «መቅዲ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ክፍሉ እንዳይረበሽ በፊዚክስ ሰዓት ሰሌዳ ላይ ኖት ጻፊላቸው። ምትኩ እስኪመጣ ነው፣ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው» አሉኝ። እነዚያ ሁለት ሳምንታት ከኅዳር 2016 እስከ ሰኔ 2017 ቆዩ። ወይዘሮ ተሻለች መምህር እንዲመደብልን አራት ጊዜ ለጽሕፈት ቤትዎ መጻፋቸውን የማውቀው ሦስቱን ያረቀቅኩላቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። ያኔም የእጅ ጽሑፌ ያምር ስለነበር።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት ማለት የሚከብደኝ ልጅ ነኝ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ግን ጀርባዬ ነው ወደ ክፍሉ የሚሆነው፤ ፊቴን የሚያይ የለም። ቾኩን ይዤ፣ መስመሩን በማስመሪያ አስምሬ፣ ርዕሱን በቀይ አድርጌ ስጽፍ ስልሳ አንድ ሰው ከኋላዬ ጭጭ ብሎ ይገለብጣል። መምህር የሆንኩ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ሩዋይዳ፣ «መቅዲ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ዘወር አላልኩም። አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለትንም አፈርኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ ላይ አላሳብብም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጋሪው። የክፍላችን ጣሪያ ስለሚያፈስ ደብተሩን አንድ ጊዜ ዝናብ መትቶት ነበር፤ መሐሉ ላይ አራት ገጾች እርስ በርስ ተጣብቀው ደረቁ። ከተጣበቀው ገጽ በፊት አንድ ሰውዬ ጋሪ እየገፋ ዳገት ይወጣል፤ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልገው ነው ጥያቄው። ከተጣበቀው በኋላ ደግሞ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ይሽከረከራል። በመካከል የሆነውን አላውቅም። የተጣበቀውን እንዳላላቅቅ የመምህሬ ንብረት ነው፣ ቢቀደድስ ብዬ ፈራሁ። ዘለልኩት። ግን ሕሊናዬ እንዳይወቅሰኝ ሰሌዳው ጥግ ላይ፣ በደብተሩም ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል «መምህር ሲመጡ ይጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ። ለራሴ ማስታወሻ ነበር።

ክቡርነትዎ፣ ክፍሉ በሙሉ ገለበጠው። እኛ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሁሉ መገልበጥ ነው የለመድነው። የስልሳ አንዱንም ደብተር ቢያዩ፣ ከጋሪው ሥር «መምህር ሲመጡ ይጠየቅ» የሚል አለ፤ ሩዋይዳማ ከሥሩ በቀይ አስምራበታለች፤ ለፈተና ይመጣል ብላ ከፊዚክስ ሕጎቹ እኩል በቃሏ ይዛው ነበር። ፈተናው ላይ የመጣው ግን ማስታወሻው ሳይሆን ጋሪው ነው። እኔ በተፈተንበት ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ያንን ሰውዬ ዳገቱ መሐል እንደቆመ ትቼው ወጣሁ።

የወደቅነው በፊዚክስ ብቻ ነው አልልም። የሒሳብ መምህራችን አንድ ቀን ሳይቀሩ አስተምረውን በሒሳብም የወደቅን አለን። ባዮሎጂን እኔው ራሴ ችላ ብዬዋለሁ። ይህን የምጽፈው እርስዎ ወደፊት ፈልገው ለማውጣት እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ትዝታ ነው። ባለፈው የካቲት ከሦስት ሰዎች ጋር ለሱፐርቪዥን ክፍላችን መጥተው ነበር። የፊዚክስ ሰዓት ነበር። ሰሌዳው ጢም ብሎ ተሞልቷል፤ እኔ ጽፌ ጨርሼ ቦታዬ ተቀምጬ ቾክ የነካውን እጄን ከዴስኩ ሥር ደብቄያለሁ። መምህሩ የት እንዳሉ ሲጠይቁ አንድ ሰው ከኋላ «አሁን ወጡ» አለ። እውነት ነው፤ ወጥተዋል፤ ከወጡ ግን አሥራ አምስት ወራቸው ነበር። እርስዎም ሰሌዳውን ትኩር ብለው አይተው፣ «እንዲህ ያለ የሰሌዳ አጠቃቀም አሰላም አላየሁ!» አሉና በስልክዎ ፎቶ አነሱት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «ያልገባው ተማሪ አለ?» ብለው ጠየቁ። ማንም እጁን አላወጣም። እርስዎም ተደስተው ሄዱ፤ እኛም ተደስተን መገልበጣችንን ቀጠልን።

ያ ፎቶ ነው እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ምስክር ሆኖ የመጣብን። «መምህር የለም ለምትሉ ማስረጃ አለን፤ ሰሌዳው ይናገራል፤ የተሟላ ትምህርት ተሰጥቷል፤ ተማሪው ነው ያልተቀበለው፤ ባልተቀበለ ተማሪ ላይ ደግሞ ሀብት አናባክንም» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እጄን ያነሳሁትና ያወረድኩት ያኔ ነው። ክቡርነትዎ፣ እህቴን ከትምህርት የሚያስወጣት የእኔ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን ሳውቅ ምን እንደተሰማኝ በጽሑፍም ቢሆን መግለጽ አልችልም።

ትናንት ሰኞ ስለ መክሊት ምዝገባ ልጠይቅ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ከአግዳሚው ትይዩ ያንን ፎቶ አየሁት። ትልቅ አድርገው አሳጥበውታል፤ ክፈፉ ወርቃማ ነው፤ ከሥሩ «ሞዴል ክፍለ ጊዜ» ይላል። በሕይወቴ የጻፍኩት ነገር ተሰቅሎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለተደረገልኝ ክብር ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ፣ «ይሄ መምህር መታደሉ፣ እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው!» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። እዚያም አፈርኩ።

አሁን ስለ መክሊት አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ውጤቱ በተነገረ ማግስት ያንን ደብተር ከአልጋዬ ሥር አወጣችው። አንድ ሰዓት ያህል አነበበችና፣ «እዚህ ጋ መምህር ሲመጡ ይጠየቅ ይላል። ጠየቃችሁ?» አለችኝ። «ማንን?» አልኳት። ተነሥታ ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ጣደች፤ ውኃው ሲፈላ የተጣበቁትን ገጾች እንፋሎቱ ላይ ይዛ፣ በመርፌ ጫፍ፣ አንዲት ፊደል ሳትቀድ አላቀቀቻቸው። ከዚያ እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። ከምሳ በኋላ ወረቀቷን አምጥታ አሳየችኝ። ሰውየው ጋሪውን ዳገቱ ላይ አውጥቶታል። ከነመልሱ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ወር የያዝኩትን ደብተር እሷ በግማሽ ቀን ከፈተችው፤ ሐሙስ ዕለት በሩ የሚዘጋባት ደግሞ እሷ ናት። ባልተቀበለ ተማሪ ላይ ሀብት አናባክንም ያሉት ነገር ገብቶኛል፤ የሚቀበል ሲገኝስ ምን እንደምናደርግ ቢነግሩን ኖሮ መልካም ነበር።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ያንን ፎቶ ከኮሪደሩ አውርደው ወደ ስብሰባው አዳራሽ ያስገቡልኝ። እኔም እመጣለሁ። ንግግር አልችልም፤ ቾክ ግን ይዤ እመጣለሁ። ሰሌዳ ካለ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ለውሳኔው እጅ የሚያወጡት ሰዎች የፎቶውንና የእኔን ጽሑፍ አስተያይተው ከዚያ በኋላ እጃቸውን ያውጡ። ክፍሉን አትዝጉት፤ መምህር አስገቡበት።

ይህን ደብዳቤ ሩዋይዳ በአፋን ኦሮሞ ጽፋ ከጎኑ ትለጥፈዋለች። የእሷ ከእኔ የበለጠ ቁጣ አለበት፤ እርስዎ ግን ትዕግሥተኛ ስለሆኑ ሁለቱንም እንደሚያነቡ አልጠራጠርም።

ባልተመለሱት አራት ደብዳቤዎች ላይ አምስተኛውን ለመጨመር ስለደፈርኩ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ በወርቃማ ክፈፍ ስላከበሩት ጽሑፌ ዕድሜ ልኬን ባለ ዕዳዎ ሆኜ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበት፣

ያለ መምህር የሞዴሉ ክፍለ ጊዜ ጸሐፊ
መቅደላዊት ወንደሰን

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ይህ የወደቀ ተማሪ ፈጠራ ነው» የሚልዎ ሰው ቢኖር ብዙ አይድከሙ። ገጾቹ ተጣብቀው የዘለልኩበት ቀንና እርስዎ ፎቶ ያነሱበት ቀን አንድ ቀን ነው፤ እኔም ይህን ያወቅኩት ትናንት አግዳሚው ላይ ሆኜ ነው። እባክዎ መነጽርዎን ያድርጉና ከፎቶው በስተቀኝ፣ ታች ጥጉን ይመልከቱ፤ ክፈፉ በጥቂቱ ነው የሸፈነው። «መምህር ሲመጡ ይጠየቅ» ይላል። ከየካቲት ጀምሮ በየጠዋቱ በአጠገቡ አልፈው ወደ ቢሮዎ ገብተዋል።