ጦስኝሽ በግቢያችን አበበ

እማዬ፣ የኔ ገራም፤

ከተለየሽን ይኸው ሦስተኛው መስከረም ጠባ። ሁላችንም ደኅና ነን። ሌላውን ወሬ በኋላ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ስሚኝ፦ ጦስኝሽ አበበ! እዚሁ አሰላ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ!

ዛሬ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ ከትናንሾቹ ቅጠሎች መሃል ሐምራዊ ነገር ብልጭ አለብኝ። ተንበርክኬ አየሁት። አበቦቹ ከምስር ፍሬ አይበልጡም፤ ንብ ግን ቀድማኝ መጥታለች። ጮኬ ባለቤቴን ብጠራው እባብ ያየሁ መስሎት ዱላ ይዞ እየሮጠ መጣ።

እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ሞከርሽ! በየዓመቱ ከጭላሎ ተራራ አምጥተሽ በአጥሩ ሥር ትተክይው ነበር፤ ጠዋት ማታ ታጠጭዋለሽ፤ ወር ሳይሞላው ሥሩ ይበሰብሳል። «ከተማ አልስማማው አለ» ብለሽ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትወጪያለሽ።

ቤቱ ትንሽ ተለውጧል። የሚያፈሰውን ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ቀየርነው። ያንቺ ክፍል የሜሮን ማጥኛ ሆኗል፤ ልጄ ቁመቷ እኔን አልፏል። ጦስኝ ታስቀምጪበት የነበረው የወተት ጣሳ ግን ካቻምና ባዶ ቀረ።

እማዬ፣ በሕይወት ሳለሽ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ነርስ ሆኜ የተመለስኩ ሰሞን፣ ሳል የያዛት ጎረቤታችን መጣች። አንቺ ጦስኙን አፍልተሽ ማር ጠብ አድርገሽ ስትሰጫት፣ እኔ በፊቷ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ሣር ነው፤ መድኃኒት አይደለም» አልኩሽ። ጣሳውን ከድነሽ ወደ ጓዳ ገባሽ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዲት እናት የሚያስለው ሕፃን ታቅፋ ወደ አንቺ መጣች። እናትየው በኋላ እንደነገረችኝ፣ ጣሳውን አልነካሽም። ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን ስታዪ፣ ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። «ይሄ የኔ ቅጠል የሚችለው አይደለም፤ ተነሺ!» ብለሽ ነጠላሽን ለብሰሽ ልጁን ራስሽ ተሸክመሽ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣሽ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ልጁን ከእጅሽ ተቀበልኩ። የሳምባ ምች ነበር፤ በሰዓቱ ደርሶ ተረፈ። የምትሠሪውን እንደምታውቂ ያን ቀን ገባኝ። ይቅርታ ግን ነገ እጠይቃታለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው መስከረም ጉንፋን ይዞኝ ጦስኝሽ አማረኝ። ከገበያ የገዛሁት እንዳንቺው አልሸት አለኝ። ስለዚህ አብረውሽ ተራራ ይወጡ ወደነበሩት ጓደኛሽ ወደ አዴ ቡልቱ ሄድኩ። እርጅና ተጫጭኗቸዋል ብዬ መንገዱን ብቻ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። «ኮቱ! ነይ እንጂ፣ መቼ አረጀሁ!» ብለው ከፊቴ ቀደሙ። እኔ እያለከለክሁ እሳቸው ያወራሉ።

ከአስታው ቁጥቋጦ በላይ ስንደርስ ድንጋዩ ሁሉ ሐምራዊ ለብሷል። ሽታው! እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቀና ስል፣ «አዴ፣ እኛ ቤት ለምንድነው የሚሞተው?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «እናትሽ አብዝታ ወደደችው! ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። እዚህ ማን ያጠጣዋል? የተቀመጠበትን አታዪም? ድንጋይ ላይ ነው!»

ጥቂቱን ከነአፈሩ ነቅለን፣ ጠጠሩንም በጆንያ ይዘን ወረድን። ፀሐይ በሚያገኘው ጥግ ድንጋይ ቆልዬ ተከልኩት። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እጄን መሰብሰብ ሆነ። አዴ ቡልቱ እየደወሉ «አጠጣሽው እንዴ?» ብለው ይቆጡኛል። ክረምቱ ሲበረታ በቃ ሞተ ብዬ ነበር። ውሃው ግን በጠጠሩ መሃል ሾልኮ ሄደ፤ ጦስኙም ከረመ።

ዛሬ ማበቡን ስነግራቸው እልልታቸው ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ነበር። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «እናትሽ ስለዚያ ሕፃን ነግራኛለች። ‹ልጄ ሕፃኑን ከእጄ ስትቀበል አየኋት፤ ከኔ የበለጠ ታውቃለች። ጦስኜን ግን አንድ ቀን መጥታ ትፈልገዋለች› አለችኝ።»

አየሽ እማዬ፣ አንቺ ቂም አልያዝሽብኝም፤ እኔ ነኝ በራሴ ላይ ስይዝ የኖርኩት። ይቅር በዪኝ። አሁን ሳል የያዘው ሰው ደጃችን ሲመጣ፣ አንቺ እንዳደረግሽው መጀመሪያ ደረቱን አያለሁ። ሐኪም የሚያሻውን ይዤው እሄዳለሁ። ሐኪም የማያሻውን አስቀምጬ ጦስኝ አፈላለታለሁ፤ ጠጥቶ እስኪጨርስም ስላንቺ አወራዋለሁ።

ልጅሽ