ምሕረትና ፊደል

ሰኞ፣ መጋቢት 3። ምሽት

ምሕረት ዛሬም አነበበችልኝ። ጥርት አድርጋ፣ ሳትደናቀፍ። እኔ ምስር እየለቀምኩ እሰማታለሁ። ደስ ብሎኛል። ቀና ስል ግን የምትለው ስለ ጥንቸል፣ የተገለጠው ገጽ ላይ ያለው ሥዕል ጀልባ። ደነገጥኩ። ጣቴን አንድ ቃል ላይ አኑሬ ይኼን አንብቢ አልኳት። «ሰበረ» ነው። ለ... በ... አለች። ግንባሯ ላብ አወጣ። ለካ ክፍል ውስጥ ሲነበብ በጆሮዋ ትይዘዋለች።

ዐሥር ዓመቷ። ሦስተኛ ክፍልን እየደገመች ነው። ሰነፍ አይደለችም፣ ማስታወሻዬ። ቤት ዘግተን ዝቅ አድርገን የምንዘምረውን መዝሙር አንዴ ከሰማች አትረሳም። ታዲያ ምንድን ነው?

ለአባቷ አልነገርኩም። ከበደ ቀን ፋብሪካ፣ ማታ በቀበሌ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ። ስንቱን አሮጊት ፊደል ያስቆጠረ ሰው። ምን ብዬ ልንገረው?

ዓርብ፣ መጋቢት 7። ቢሮ

የመስክ ኃላፊያችን ከለቀቀ ወዲህ በየመንደሩ የውሃና የጤና ሥራ የሚሠራው መ/ቤታችን ተቸግሯል። የትኛው ምንጭ በበጋ ይደርቃል፣ የትኛው መንደር ማንን ይሰማል፤ ሁሉን በጭንቅላቱ ይዞት ሄደ። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ዓርብ ዓርብ ከመስክ የተመለሰ ሁሉ የሠመረለትንም ያልሠመረለትንም ለሌላው ይንገር አለ። ጥሩ ሐሳብ። ግን ማን ይናገራል? «ሥራው በዕቅዱ መሠረት እየሄደ ነው» ብለን እንቀመጣለን። በዚህ ጊዜ አልተሳካልኝም ማለት ያስፈራል። የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

ዛሬ ዳንጊሶ ተነሣ። የጤና ረዳታችን ነው፣ የይርጋለም ልጅ፣ ዝምተኛ። ለተቅማጥ የስኳርና የጨው ውሃ አሠራር ለእናቶች አስተምሮ ነበር። ሁሉም ገባን አሉት። ተመልሶ ሲሄድ አንዷም አልሠራችውም። ለካ እሱ ብቻ ነበር ሲያወራ የዋለው። በሁለተኛው ጉዞው እያንዳንዷ በእጇ በጥብጣ እንድትቀምስ አደረገ። ያኔ ያዙት። ይኼን ተናግሮ ተቀመጠ።

እኔ የማስበው ስለ ምሕረት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13። ምሽት

ከበደ ፊቱ በርቶ ገባ። እሑድ ቀበሌው ለማታ ተማሪዎቹ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ የሊቀ መንበሩን መልእክት የአስተማሪው ልጅ ታንብብ ተብሏል። እሺ ብሎ መጥቷል።

ነገርኩት። አላመነኝም። መጽሐፍ አምጥቶ ራሱ ፈተናት። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር። በጥፊ መታት። አላለቀሰችም። እሱ ግን ወደ ጓሮ ወጥቶ ብዙ ቆየ።

ሲመለስ፣ በቃሏ ትያዘው አለ። አሁን እምቢ ማለት አይቻልም። ሦስቴ አነበበላት፣ ያዘችው። ደስ አላለኝም።

እሑድ፣ መጋቢት 16

ከቀበሌው አዳራሽ አሁን ገባን።

አዳራሹ ሞልቷል። የከበደ ተማሪዎች ነጠላቸውን ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል። ምሕረት መድረክ ላይ ወጣች። ከላይ የመጣ ካድሬ ግን ጽሑፉን አስቀይሮ ኖሯል። አዲስ ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱን አየች፣ አባቷን አየች። ከዚያ የለመደችውን ጀመረች። ካድሬው አስቆማት።

«የተጻፈውን አንብቢ!»

ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከበደ ተነሥቶ መድረኩ ላይ ወጣ። ሊመታት ነው ብዬ እኔም ብድግ አልኩ። ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ ለካድሬው መለሰ።

«ልጄ ማንበብ አትችልም» አለ ጮክ ብሎ። «ጥፋቱ የሷ አይደለም።»

እጇን ይዞ ወጣ። ብስክሌቱ ላይ አስቀምጧት እየገፋ፣ እኔ ከኋላ። እንዲሁ እቤት ገባን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18

ከበደ ቀበሌ ተጠርቶ ሄደ። ቀኑን ሙሉ አልተመለሰም። በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ሲመሻሽ መጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ስም አጉድፈሃል ተብሎ የማታ ክፍሉን ቀምተውታል። ቁጡ ሰው ነበር፤ ዛሬ ቁጣው የለም።

«አባዬ፣ በኔ ምክንያት ነው?» አለችው።

«አይደለም።»

አላመነችውም። እራቷን ሳትበላ ተኛች።

ዓርብ፣ መጋቢት 21። ቢሮ

ተናገርኩ። ተራዬ ሲደርስ ስለ ምንጭ ጥበቃ ነበር የተዘጋጀሁት። ልጄ ማንበብ አቅቷታል፣ እንዴት እንደማስተምራት አላውቅም፣ የምታውቁ ንገሩኝ አልኩ። በስብሰባ የማይባል ነገር። ተጸጸትኩ ወዲያው።

ዳንጊሶ ታላቅ ወንድም ነበረኝ አለ። የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ ይሠራል፤ ፊደል ግን አልገባ አለው። መምህሩ ይገርፈዋል፣ ቤት ሲመጣ አባታቸው ይደግመዋል። አንድ ጠዋት ወጣ። እስከ ዛሬ የት እንዳለ አያውቁም።

«ሰነፍ አይደለም ያለን ሰው አልነበረም፣ እትዬ።»

ከዚያ ጸሐፊያችን ወ/ሮ ዘነበች፤ የእህቷ ልጅም እንዲሁ ነበር። ፊደሉን በጭቃ እያስቀረጹ፣ እያስጠሩ፣ በሳምንት ሁለት ፊደል ብቻ አስተማሩት። ይዘገያል እንጂ ይገባዋል አለች። ሾፌሩም ስለ ራሱ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይኼ ለሪፖርት አይደለም፣ ቀጥሉ አለን። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ማንም አልተነሣም።

እሑድ፣ መጋቢት 23። ከሰዓት በኋላ

ሐይቁ ዳር ውለን ገባን። ከበደ እርጥቡ አሸዋ ላይ በጣቱ ሰ ጻፈ፣ እሷ በላዩ ሄደችበት። ከዚያ በ። ጠዋቱን ሙሉ ሁለቱን ብቻ። ያዘቻቸው ስንል ተምታቱባት። አለቀሰች፣ አሸዋውን በእግሯ በተነችው። ከበደ አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ ጠበቃት። «ሲመጣልሽ ንገሪኝ» አላት። ብዙ ቆይታ ተመልሳ መጣች።

ታነብ ይሆን? አላውቅም። ይኼን መጻፍ ከበደኝ።

መንገድ ላይ ከበደና እኔ ተነጋገርን። ነገ ሥራ ከመግባታችን በፊት ሁለታችንም ት/ቤት እንሄዳለን። ጥያቄውን በቃል ይጠይቃት፣ በልጆች ፊት አስነሥቶ አያስነብባት ብለን መ/ሩን እንለምናለን።

እምቢ ቢለንስ? አልኩት።

«ማክሰኞም እንሄዳለን» አለ።