ዘቢቡን ጨምሪበት

እህቴ ኮኒ፣

የጧት ተረኛ ነኝ። በምስጋና ቀንም ሆስፒታሉ አንሶላ ያሳጥባል።

ተርኪ ዶሮው ምድጃ ውስጥ ነው። ሽታው ቢያባብልሽም እኔ ሳልመጣ አትክፈቺው። ሻጮቹ ጉበቱን አሽገው ሆዱ ውስጥ የሚከቱበትን የላስቲክ ከረጢት አውጥቻለሁ፤ ዘንድሮ ላስቲክ አንበላም።

አጎት ዌንደል ጸሎቱን ካስረዘመ ድንቹ ሳይቀዘቅዝ «አሜን» ብለሽ አስቁሚው።

ከተርኪው ጋር የምንበላውን ቅመም የገባበት ዳቦ አንቺ ሥሪው። አምና ዘቢብ ብትጨምሪበት «ይሄን ውሻም አይበላው» አልኩ። ሰው ፊት ነበር። አንቺም ሳህንሽን ይዘሽ ወጥተሽ መኪና ውስጥ በላሽ። እማዬ ብትኖር ሁለታችንንም በጭልፋ ትለን ነበር።

ለነገሩ ውሻው በልቶታል፤ ዘቢቡን ብቻ እየለቀመ አውጥቶ ተወው።

ዘቢብ ገዝቼ ፍሪጁ ላይ አድርጌልሻለሁ። ጨምሪበትና ከጎኔ ተቀመጪ።

እኔም እንደ ውሻው ዘቢቡን ለቅሜ አውጥቼ ዳቦሽን እበላለሁ።

ሮንዳ