«ማኔጅ አድርጊው» ላልከኝ ወንድሜ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ አንጀቴ ግን በአንተ እርር ድብን ብሏል።

ማክሰኞ እማዬ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ጎረቤት ከክፍል ሲያስጠራኝ፣ ጠመኔውን እንኳ ሳላስቀምጥ ደወልኩልህ። ምን አልከኝ? ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እንደምንም ማኔጅ አድርጊው። አምና ግራ ጎኗ አልታዘዝ ሲላትም ማኔጅ አድርጊው። ሌላ ከተማ ርእሰ መምህርት ሆኜ ልሾም ነው ብዬ በደስታ ስነግርህ ደግሞ፣ እሷን ትተሽ የት ትሄጃለሽ፣ እዚያው ማኔጅ አድርጊው። እንዴ! ሌላ ቃል አልፈጠረብህም?

እንግሊዝኛ አስተምሬ የምበላ ነኝና መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ይህ የምትወደው ግስ መነሻው «እጅ» የሚል የላቲን ቃል ነው። ጣልያኖች ፈረስ ለሚገሩ ሰዎች አዋሉት፤ ልጓም ጨብጦ፣ እርግጫውን ችሎ፣ አውሬውን ማለማመድ ማለት ነበር። እንግሊዞች ወስደው ለቤቱም ለሱቁም አደረጉት፤ ችግርን እንደምንም መወጣትም ተባለበት። ኋላ ቢሮ ገባና «ማናጀር» ተብሎ አንተ በር ላይ ተለጠፈ። እስቲ ንገረኝ፣ በስልክ ፈረስ የገራ ሰው አይተሃል? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ!

ስላላገባሁ ነው? ወይስ ሴት ስለሆንኩ? እማዬም አታግዘኝም። በደወልክ ቁጥር ደህና ነኝ የኔ ጌታ፣ አታስብ ትልህና ስልኩን ዘግታ ታለቅሳለች። ለምን እውነቱን አትነግሪውም ብዬ ብቆጣት፣ ተይው ልጄን፣ ሥራ ይበዛበታል አለችኝ። እኔ ለካ ሥራ ፈት ኖሬያለሁ!

ሹመቱን ተቀብያለሁ። የቤቱንም ቁልፍ ለአከራይ መልሻለሁ። እንዳትደውል፣ አላነሳም።

ስማኝ። ስታነሳት እጇን አትጎትት፣ በብብቷ ሥር ደግፋት። ክኒኗን ዋጥኩ ብላ ትራስ ሥር ትሸጉጣለችና አትመናት። ገላዋን እጠባት አልልህም፣ ታፍርሃለች፤ ባለቤትህን ግን ለምናት፣ እንዳታዛት። ማታ መብራት አታጥፋባት፣ ጨለማ ትፈራለች። እንደምትፈራ ለአንተ ነግራህ አታውቅም።

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ እነሱም ሲያድጉ አይጨክኑብህ። ተናድጄም እወድሃለሁ፣ ምን ላድርግ።

እማዬ ይህን ወረቀት ስትሰጥህ እዚያው ደጅ ላይ ከፍተኸው ከሆነ፣ በቃ ማንበብህን አቁም። ብዙ መቆም አትችልም። መጀመሪያ አስገባትና ወንበር ስጣት።

ታናሽ እህትህ