የአባባ ስልክ ዘበኛ

ኅዳር 3
የማርመው መጽሐፍ ላይ አለቃዬ ሁለት አንቀጽ ሰረዘ። “አንባቢን ያሳስታል” ይላል። አንባቢ ሕፃን አይደለም፣ ራሱ ይፍረድ ብዬ ግማሽ ሰዓት ተከራከርኩ። ስለ ነፃነት ስናገር አያምርብኝም?

ኅዳር 5
አሥራ አንድ ሰው ብርቱካን ይዞ አባባን ሊጠይቅ መጣ። በሩን የከፈተላቸው ታማሚው ራሱ ነው፣ መጥረጊያ ይዞ።
አንድ የማያውቀው ሰው የስልክ መብራት የሚያደምቅ መተግበሪያ ልኮለት ኖሯል። ጫነው። ጉደኛው መተግበሪያ አባባ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ በስሙ፣ “በጠና ታምሜአለሁ፣ ፎቶዬን ለማየት ይህን ጫኑ” ብሎ በተነ። አራት ሰው ጭኗል...
“ስልኩ አላስጠነቀቀህም?”
“አስጠንቅቋል። ስልክ ደግሞ ምን ያውቃል!”
አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው እኮ ነው።

ኅዳር 6
ከታወቀው የመተግበሪያ መደብር ያልመጣውን ሁሉ ከስልኩ ጠራርጌ አጠፋሁ። ከእንግዲህ ያለ እኔ የይለፍ ቃል ምንም አይጫንም። እህቴ “ጎበዝ፣ የኔ ወንድም!” አለችኝ። አለቃዬ ሲሰርዝ ፊቱ ለምን እንደሚፈካ ገባኝ።

ኅዳር 9
አባባ አኩርፏል። ይለፍለት።

ኅዳር 12
አላለፈለትም። ዛሬ መስኮቱ ሥር፣ ወረቀት አፍንጫው ላይ ለጥፎ አገኘሁት። የእማማ ደብዳቤ፣ ነፍሷን ይማር። ሩቅ ሲያስተምር የጻፈችለት።
ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤዎቿን የሚያነብለት መተግበሪያ ነበር ለካ። የቀድሞ ተማሪው የእማማን የእጅ ጽሕፈት አስለምዳ የሠራችለት። በዓለም ላይ አንድ ተጠቃሚ ያለው ነገር መደብር ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል? እኔ ግን ጠራርጌዋለሁ።
“ምነው ሳትነግረኝ?”
“ስታጠፋ መቼ ጠየቅከኝ?”
የይለፍ ቃሉን ጽፌ ሰጠሁት። በትልልቁ።

ኅዳር 13
ተማሪዋ መልሳ ላከችለት። ስልኩ ግን ላልተረጋገጠ መተግበሪያ አንድ ቀን ይጠብቁ ይላል። ጥያቄም አለው፤ አነበብኩለት፦ “ይህን እንዲጭኑ የሚያስገድድዎ ሰው አለ?”
“እንዳልጭን የሚያስገድደኝ ነው ያለው በለው።”
“እንደዚያ የሚል ምርጫ የለውም።”
“ይሁን። ከአንተ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ይጠይቃል።”

ኅዳር 14
ተጫነ። “ጣሪያው ያፈሳል፣ አንተ እዚያ ዝናቡን ታደንቃለህ” እያለች እማማ ከአባባ ክፍል ትቆጣለች። የማሽን ድምፅ ነው፣ ቁጣው ግን የራሷ። አባባ ይስቃል። እኔ ኮሪደር ላይ ምን አቆመኝ?

ኅዳር 20
ሥራ ላይ እያለሁ አባባ ደወለ።
“ዕቃ ተልኮልሃል፣ ለማየት ይህን ጫን የሚል መልእክት መጣልኝ።”
“ከማን?”
“አላውቀውም።”
“እና?”
“አጠፋሁት።”
“ታዲያ ለምን ደወልክ?”
“እንድታውቀው ነዋ። ላስፈቅድህ መስሎህ ነው?”
ዘጋብኝ።